ጉርሻው የጎደለው ፊልም

ቦንጋ ላይ ልብስ ስሸጥ፣ ፊልም መሥራት የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ጅማ ለዕቃ ወርጄ መዳፍ የምታህል ዲጂታል ካሜራ በልብስ ዋጋ ስትሸጥ አየሁና ገዛኋት። ያገለገለ ኮምፒዩተርም ጨመርኩ። የፊልም ማቀናበሪያ ፕሮግራም ፎቶ ቤቶች በሲዲ ገልብጠው ሰጡኝ፤ ትልልቆቹ ፊልም ሠሪዎች የሚሠሩበት ያው ነው አሉኝ። ከመሀል አገር ስመጣ ዘመድ ይዤ አልመጣሁም። ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ጓደኛዬ ፕሮግራሙ ሆነ።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ በቡና መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። ተዋናይ ብዬ የመለመልኳቸው ሁለት ሰዎች ግን ቡና ሲደርስ ለለቀማ አንዱ ወደ ሺሺንዳ፣ ሌላው ወደ ደካ ሄደው ቀሩ። ፊልሙን ሊያሳይልኝ የተስማማው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ደግሞ ለቅዳሜ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር።

ካሜራውን ሳላነቃንቅ መጀመሪያ ግራ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ኮት ቀይሬ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀረጽኩ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ሰፋቸው። ታላቅም ታናሽም እኔው ሆንኩ። ራሴን ስሰድብ ለጉድ ነው፤ ያ ሁሉ ስድብ ሲጠራቀም የኖረ ይመስላል።

ችግሩ እርቁ ላይ መጣ። ወንድማማቾች ታርቀው ሳይጎራረሱ ከማዕድ ቢነሱ የቦንጋ ተመልካች እርቁን አያምንም። ታላቁ ጉርሻውን ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። ሁለቱ ምስሎች የተሰፉበት መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ከአንጓው ተቆረጠ። ጉርሻው ጠፋ። ታናሹ ወዲያ ማዶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንበር አቀራረብኩ፣ ጠረጴዛ አጠበብኩ፤ አልሆነም።

ዓርብ ዕለት አጠገቤ ሻይ ቤት ወዳላቸው ሴትዮ ገባሁ።

«እትዬ፣ እጅዎን ለአንድ አፍታ ፈልጌው ነበር።»

«እጄን ምን ልታደርገው?»

«ለፊልሙ እንዲያጎርሱኝ።»

ሳቁብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን አንድ ቀን ገብተህ ሳትበላ፣ ዛሬ ለካሜራ ትጎርሳለህ?»

ሆኖም ቆጮና ጎመን ይዘው መጡ። የታላቁን ኮት አለበስኳቸው። ካሜራውን ወደ ፊቴ አስጠግቼ፣ ከእሳቸው እጅጌው ብቻ እንዲታይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«አፍህን ክፈት እንጂ! ወንድምህ ነው የሚያጎርስህ፣ ሐኪም አይደለም የሚያይህ።»

ጉርሻው ግማሽ ቆጮ ያህላል። በቃ ብሎ የሚያስቆም ዳይሬክተር እኔው ነበርኩ፤ አፌ ደግሞ ሞልቷል። እያኘክሁ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰው ካጎረሰኝ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

«ሚጥሚጣው ነው?» አሉኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ማንቆርቆሪያቸው ፈልቶ ነበርና ኮቱን ጥለው ሮጡ።

ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ ሞላ። ስድቡ ላይ ሳቁ። ጉርሻው ላይ አንዷ ጮክ ብላ፣ «ቀለበት ያለው እጅ ነው! የሴት ነው!» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የፊቴን እንባ ግን ማንም አላነሳም።

ሲያልቅ ሁሉም ጓደኛውን ይዞ ወጣ። እኔ ሻይ ቤቱ ገባሁ። በፊልሙ ተመልካቾች ተሞልቷል። ጥጉ ላይ ቦታ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ከምድጃው ቀና ሳይሉ፣ ማን እንደገባም ሳያዩ፣

«ለስንት ሰው ላቅርብ?» አሉ።

«ለአንድ» አልኩ።