ማስታጠቢያውን የተቀማሁበት እሁድ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ ነው። የማልረሳው በሕይወቴ ከመጠን በላይ ተከብሬ ሥራ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

ያኔ ኢስሊ ውስጥ ጫማ እሸጣለሁ። የጫማ ንግድ ክፉ አይደለም፤ ግን ሰው አንድ ጫማ ገዝቶ ዓመት ይጠፋል። ምሳ የበላ ሰው ደግሞ ማታውኑ ይርበዋል። ይህ ከገባኝ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ላይ ለምግብ ቤት የምትሆን ቤት አየሁ። ችግሩ ስለ ምግብ የማውቀው መዋጥ ብቻ ነበር። ቆዳና ፕላስቲክ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ፤ ሽሮ ለምን እንደሚጓጉል ግን ብትገርፉኝም አላውቅም።

ስለዚህ ሱቁን ለሚስቴ ትቼ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለቤቷ እትዬ ለተብርሃን ይባላሉ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በልጅነታቸው አዲስ አበባ ስለተማሩት ከእኔ አሳምረው ይሳደቡበታል። ነጋዴ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ጓዳውን ለነገ ተፎካካሪው የሚከፍት ሰው አላየሁማ።

"ከአዳራሹ ያላለፈ ጓዳዬ አይገባም" አሉኝ። "እሁድ ምሳ ላይ አይሃለሁ። ከተወጣኸው ወጥ ቤት ትገባለህ፤ ካልሆነ በመጣህበት በር።"

እኔም የምፈልገው ጓዳውን ነው። ድስቱ እዚያ፣ ሙያው እዚያ።

አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፤ ፀጉሬን። ሽበት በዘራችን ስለሆነ ገና በአርባዎቹ ጥጥ ሆኜ ነበር። በአዘቦት ቀን የሚመጡት ኬንያውያንና ፈረንጆች ስለሆኑ ምንም አልጎረበጣቸውም። እሁድ ግን ሐበሻ መጣ።

መስኮቱ አጠገብ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የሆኑ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ኦቲየኖ የሚባል ኬንያዊ የሥራ ባልደረባቸውም አብሯቸው አለ። ፎጣዬን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ማስታጠቢያውን ይዤ ቀረብኩ። "እንኳን ደህና መጣችሁ" ከማለቴ ሁሉም ብድግ!

"ኧረ ጋሼ! እርስዎ እኛን ሊያስታጥቡ? ነውር ነው!" አለች ሜሮን የምትባለዋ፣ የማስታጠቢያውን እጀታ ጨብጣ።

"ልጄ፣ ሥራዬ እኮ ነው።"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

ጎተትኩ። ጎተተች። ግማሹ ውሃ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። አንዱ ወንበር ስቦ፣ ሌላው ትከሻዬን ተጭኖ አስቀመጡኝ። ሜሮን ውሃውን ስታንቆረቁር፣ እጄ እኔን ሳያማክር መፋተግ ጀመረ።

ኦቲየኖ ግራ ገብቶት፣ "መጀመሪያ የሚታጠበው አስተናጋጁ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አዎ፣ ባህላችን ነው" አለው አንዱ ተንኮለኛ፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ።

ይህን ከአጠገባችን የነበረ የኬንያውያን ቤተሰብ ሰማ። የሐበሻ ምግብ ሲቀምሱ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። አባትየው እንግዳ ነገር ማበላሸት አልፈለገም መሰለኝ፣ ተነስቶ የባልደረባዬን የንጄሪን ማስታጠቢያ በትሕትና ተቀበላት። በስዋሂሊ "ካሪቡ"፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ አስቀምጦ አስታጠባት። ንጄሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ አየኋት። ለመነሳትም አልቸኮለችም።

ምግቡን ሜሮን ራሷ ከወጥ ቤቱ መስኮት ተቀብላ አመጣችው። ልነሳ ስል፣ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ይባርኩልን" አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ምን ይባላል? ቆምኩ። የማውቀው የሱቄን ምርቃት ነው። "ገበያችሁን ያቅናላችሁ! ደንበኛ አያሳጣችሁ! ከዱቤ ይሰውራችሁ!" እያልኩ ወረድኩት። "አሜን!" ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። የኬንያውያኑ ልጆች ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ ለተብርሃን ከጓዳ ብቅ ያሉት ይኼኔ ነው። ምርቃት አይቋረጥም። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ "አሜን" አሉ። ይህ ቃል እንደዚያ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ተቀመጥኩ። ሜሮን ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከታ፣ "ግን ጋሼ፣ ሱቁን ለማን ተውት? ይሄን ጫማ እኮ ከእርስዎ ነው የገዛሁት" ብላ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። የእኔው ዕቃ ነው፤ ሶሉ ገና ንክች አላለም።

ልክደው እንዳልል አፌ ሞልቷል።

"ና ወዲህ" አሉ እትዬ። ወደ ጓዳው በር ወሰዱኝ።

"ጫማ ነጋዴ ነህ?"

ዋጥኩ። "አዎ፣ እትዬ።"

"ምግብ ቤት ልትከፍት ነዋ!"

"አዎ።"

"የት?"

"ሳውዝ ሲ።"

በልባቸው መንገዱን ሲለኩት፣ ከሳውዝ ሲ ተነስቶ እሳቸው ዘንድ ምሳ የሚበላ ሰው ሲፈልጉና ሲያጡ ይታየኛል። ቀና አሉ።

"ሁርሊንግሃም ብትለኝ ኖሮ አናትህን በዚሁ ማስታጠቢያ ነበር የምልህ! ለማንኛውም ከአዳራሽ ተባረሃል። እንግዳ የሚያጎርሰው አስተናጋጅ አልፈልግም።"

አንገቴን ደፍቼ ሽርጤን መፍታት ጀመርኩ።

"ሽርጡን ወዴት ነው? እኔ ከአዳራሽ ነው ያልኩት! ግባና ሽንኩርት ክተፍ!"

ወጥ ቤቱን የምትመራው ማማ ሙቱኩ የምትባል የካምባ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ሙያውን ሁሉ ከእትዬ ወስዳለች። ሽበቴን አይታ ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። ኬሻ ሙሉ ሽንኩርት ፊቴ ዘረገፈችና "ሐራካ፣ ምዜ!" አለችኝ፤ ፍጠን ሽማግሌው ማለቷ ነው። ሳዘገይ በማማሰያው እጀታ ጣቴን ቸብ አደረገችኝ። ወይ መገላገል!

የሳውዝ ሲዋ ምግብ ቤቴ ዛሬም አለች። እነዚያን ወጣቶች በልቤ ስንቴ እንደረገምኳቸው፣ ስንቴ እንደመረቅኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግን ሳስበው የሚያስቀኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት ሽንኩርቱን ስከትፍ ንጄሪ ሳህን ልታስገባ መጣችና እንባዬ በጉንጬ ሲወርድ አየችው። ከአዳራሽ መባረሬ ያስለቀሰኝ መስሏት "ፖሌ፣ አይዞህ ምዜ፣ ሌላ ሥራ ታገኛለህ" እያለች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አለቀስኩላት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም።