ሰሊጡ ሳይረግፍ የተቆረጠ ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ለዓይኔ ሕክምና ወደ ጎንደር ልሄድ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጬ አውቶቡሱ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሦስት የኢኮኖሚ ምሁራን ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ ውድነት ይከራከራሉ። መካከል የተቀመጠውን ሽበታም ሰው በድምፁ ለየሁት። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደህና ነው።

«እኔ ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም» አለ። «በወጣትነቴ ቆላ ወርጄ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ባንድ ገበታ በልቻለሁ።»

በልቷል። ያበሰለችው እናቴ ናት።

ስሙን አልጽፈውም፤ ስሙን መጥራት ለእሱ ውለታ ይሆናል። ያን ጊዜ አጫጆቹ «ባለመነጽሩ» ይሉት ነበር፣ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ አልበቃ ብሎኝ፣ ኮኪት አቅራቢያ ባለ የሰሊጥ እርሻ እናቴን አግዝ ነበር። በእኛ አገር አጫጅ ከጎጃምና ከወሎ በቡድን ሆኖ ይወርዳል። ቡድኑ ወጥ ሠሪውን የሚመርጠው ራሱ ነው። የእርሻው ባለሀብት ዱቄትና ዘይት ይሰፍራል እንጂ ማን ያብስል አይልም። ዋጋ እስኪቆረጥ ግን ቡድኑ ኮኪት አደባባይ ላይ ከራሱ ስንቅ እየቆጠበ ይቀመጣል፣ ወጥ ሠሪዋም እዚያው ታበስላለች። የአያ ዘለቀ ቡድን እናቴን አራት መኸር አከታትሎ መርጧት ነበር። የማሽላ ገንፎዋ አይጓጉልም፣ የደረቀ ባምያ ወጧን ደግሞ ሱዳን ተሻግረው የሠሩት እንኳን ያደንቁላታል። ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው በዚያች የመኸር ወር ተኩል ገቢ ነበር።

ባለመነጽሩ ከአንድ ጓደኛው ጋር መስከረም ሊያልቅ ሲል በጭነት መኪና መጣ። የዋልካው ጭቃ ገና አልደረቀም፣ ጫማቸው እንደ ምጣድ ሰፍቶ ነበር የወረዱት። የአጫጆችን ደመወዝና ኑሮ ሊያጠኑ ነው ተባለ። ፊደል የቆጠረችው እኔ ነኝና መንገድ እንዳሳያቸው፣ ሰው እንዳገናኛቸው ተመደብኩ።

ሁለቱም ለሠራተኛው ቆመናል ይሉ ነበር፤ ውሸታቸውን አልነበረም። ሲከራከሩ ግን አንዱ ሌላውን አያስጨርሰውም።

«ደመወዙ ከወዲሁ ይቆረጥና ይታወጅ» ይላል ባለመነጽሩ። «ሰው አደባባይ ላይ ሳምንት ሙሉ እየተራበ መቀመጥ የለበትም።»

«ደመወዝ ብትጨምርለት ባለሱቁ ነገ ዱቄቱን ይጨምርበታል» ይላል ጓደኛው። «ንጹሕ ውሃና የወባ መድኃኒት አቅርብለት፤ ኑሮ ማለት እሱ ነው።»

የቡድኑ አለቃ አያ ዘለቀ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያጣ ሰው ነበር። ሳህኑን ይዞ ቆሞ ያዳምጣቸዋል። «ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለ ሆዴ ሲጣሉ የኔ ገንፎ ቀዘቀዘ» አለ አንድ ቀን። አጫጆቹ ሳቁ። ባለመነጽሩም ሳቀ፤ ደብተሩ ላይም ጻፈው።

ያ ደብተር ነው ያጠፋኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ከዚያ በፊት የኔን ቃል የጻፈ ሰው አላውቅም። ሌላ ነገር ነበረ ወይ ለሚሉኝ አልመልስም።

አንድ ከሰዓት ግራር ሥር ተቀምጠን፣ «ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈልጎ መጥቶ አደባባይ ላይ ለምን ሥራ አልቀበልም ይላል?» አለኝ። ነገርኩት። እናቴ ከምድጃው ሥር ሆና የምትሰማውን፣ አጫጆቹ ለሷ የማይደብቁትን ነገርኩት። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ዛላው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ባለቤቱን አይጠብቅም። አያ ዘለቀ በየቀኑ ወደ ማሳ ወርዶ አንዲት የሰሊጥ ዘንግ ይቆርጥና ጆሮው ሥር ይነቀንቃታል። ፍሬው ውስጡ ካልተንኮሻኮሸ ቡድኑ ከተቀመጠበት አይነሳም። ሌሎቹም ቡድኖች እሱን አይተው ነው የሚነሱት። የተንኮሻኮሸ ዕለት ግን ማግስቱን ባለሀብቱ ራሱ መጥቶ ይለምናል፣ ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ይሆናል። ረሃቡ የዚያ እጥፍ ክፍያ ዋጋ ነበር። ደልቷቸው አልተቀመጡም፣ ሞኝም አልነበሩም።

«ይህ ድንቅ ነው» አለኝ። ጻፈ።

በሦስተኛው ቀን ገንዳ ውሃ ስብሰባ ተጠራ። ባለሀብቶቹ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አጫጅ አልተጠራም። ባለመነጽሩ ተነስቶ ሠራተኛው ሰሊጡ እስኪደርቅ እየተራበ እንደሚጠብቅ፣ ይህም ጭካኔ እንደሆነ አስረዳ። ስለዚህ ካምናው መነሻ ከፍ ያለ ፍትሐዊ ዋጋ ዛሬውኑ ይቆረጥ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ባለሀብት ለደመወዝ ጭማሪ ሲያጨበጭብ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኮኪት አደባባይ ላይ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ዋጋው ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ አደባባዩን ይልቀቅ ተባለ። ከመነሻው ይሻላል፣ ሳምንት ቆይቶ ከሚያገኙት ግን ብዙ ያንሳል። ስንቃቸው ያለቀባቸው ቡድኖች ተነሱ። እነሱ ሲነሱ ሌላው ተከተለ። በመጨረሻ አያ ዘለቀ ማጭዱን ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሳ።

«የዘንጉን ነገር ማን ነገራቸው?» አለ ወደ ማንም ሳያይ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

ባለመነጽሩን መኪናው ጋ አገኘሁት። ዕቃውን እየጫነ ነበር።

«ከሚያገኙት አሳነስክባቸው» አልኩት።

«አሁን ላይታይሽ ይችላል። በረጅም ጊዜ ግን የተረጋጋ ደመወዝ ይጠቅማቸዋል።»

«አያ ዘለቀ ረጅም ጊዜ የለውም። ያለው የሁለት ሳምንት አጨዳ ነው።»

ጓደኛው አንገቱን ደፋ። ባለመነጽሩ ግን ደብተሩን አውጥቶ ይህንንም ጻፈ።

አጫጆቹ አልሰደቡንም። ገንፎውን በሉ፣ ለእናቴ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ነገር ግን ምድጃው አጠገብ ስለ ሥራ ማውራት ተዉ። እኔ ስመጣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። በሚቀጥለው መኸር አያ ዘለቀ ሌላ ወጥ ሠሪ መረጠ፣ ሌሎቹም ቡድኖች እናቴን አልጠሯት። እናቴ ወደ ሳንጃ ከተማ ሄዳ የሰው ልብስ አጠበች። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ብዙ ዓመት እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። እሱ ግን የሰማውን ነው የተናገረው፤ ያሰማሁት እኔ ነኝ። ልዩነታችን እኔ ከእናቴ ጋር ሳንጃ መሄዴ፣ እሱ ቴሌቪዥን ላይ መውጣቱ ነው።

አስተናጋጇ ሻዬን አስቀምጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አለች። እጇ በሳሙና ተልጧል።

«እማማ፣ ስለኛ ደሞዝ ነው እንዴ የሚያወሩት?»

«አዎ።»

«ስንት አሉ?»

«ገና አልጨረሱም። ይልቅ ስሚኝ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደብተር ይዞ ቢመጣብሽ የሚጠጣውን ስጪው፣ ምን እየጠበቅሽ እንደሆነ ግን አትንገሪው።»

ያበድኩ መስሏት ፈገግ አለች። ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» እያለ ሲጣራ ተነሳሁ። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከተማውን እንደወጣን መንገዱ ዳርና ዳር ሰሊጥ ነው፤ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ርቀቱ ለዓይኔ ብዥ ቢልም፣ ከማሳው ጠርዝ አንድ ሰው ቆሞ ክንዱን ወደ ጆሮው ሲያነሳ ያየሁ መሰለኝ። ለማንም አላሳየሁትም።