ሰማያዊ አልሆን ያለው መጋረጃ

ማቅለሚያ ቤቱ ሥራ የገባሁ ዕለት ጮኼ ነበር። ቤቱ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከሃነቪኢም መንገድ ገባ ብሎ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አሠሪዬ ላሪሳ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። ነጭ ጨርቅ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ከተበጠበጠበት በርሜል ስታወጣ አረንጓዴ ሆኖ አየሁትና ተበላሸ ብዬ ጮኽኩ። «ሬጋ! ጠብቂ እንጂ» አለችኝ በዕብራይስጥ። ነፋስ ሲያገኘው ዓይኔ እያየ ሰማያዊ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጨርቅ ማርጠብ፣ መንከር፣ መጭመቅና ማስጣት ሆነ። የላስቲክ ጓንት ተሰጥቶኛል፤ ግን ቀዳዳ ነው። ወደ ሰፈሬ ወደ ኔቬ ያዕቆብ በሚሄደው አውቶቡስ ሰው ሰማያዊ የሆነ እጄን እያየ ከጎኔ ይነሳል። እኔም ዘርጋ ብዬ እቀመጣለሁ።

አንድ ሰሞን ላሪሳ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ ኢንዲጎ መደረብ ልሞክር አለች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የኢትዮጵያ ገዳም ካለበት ከዚያው ከከተማው ኢትዮጵያ መንገድ የመጡ መነኩሲት ነበሩ። ቢጫ መጋረጃ ይዘዋል።

«ጎንደር ያለችው እህቴ ፈትላ የላከችልኝ ነው። ለፋሲካ እንግዶች ይመጡብኛል፤ ሰማይ አስመስሉልኝ» አሉኝ።

ላሪሳ በተሰባበረ ዕብራይስጥ «ኢንዲጎ ሁሉን ይሸፍናል በያት» አለችኝ። ልተረጉም አፌን ስከፍት እማሆይ በጠራ ዕብራይስጥ ራሳቸው መለሱላት። ለካ ኢየሩሳሌም የገቡት ከሁለታችንም በፊት ነው።

ነከርነው። አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«አይዞዎት እማሆይ፣ ነፋስ ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል» አልኳቸው።

ሰቅለን ጠበቅን። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ላሪሳ ካርቶን አምጥታ ታራግበው ጀመር። እኔም ካርቶን አነሳሁ። እማሆይም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በነጠላቸው ጫፍ አራገቡ። ሦስታችንም ላብ በላብ ሆንን።

በመጨረሻ እማሆይ ነጠላቸውን መልሰው «ልጄ፣ እኔ ሰማይ አልኩሽ፤ አንቺ ጎመን ሰጠሽኝ» አሉ።

ላሪሳ «ምን አለች?» ስትለኝ «ብዙም አልወደዱትም» አልኳት።

«ጎመን ነው ያልኩት» ብለው በዕብራይስጥ አረሙኝ።

የእህታቸው እጅ ሥራ ነውና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ጨርቁን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ፈትሉስ ደኅና ነው» አሉና አጣጥፈው ሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጡ።

«እንግዶቹ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«መስክ ላይ እንደ መተኛት ነው አሉ። በይ፣ ይህንንም ጎመን አድርጊልኝ» ብለው ቢጫ የአልጋ ልብስ ዘረጉ።

ላሪሳ በዚህ ጊዜ ከዳሩ ቁራጭ ወስዳ ነከረች። ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ። ለካ የአልጋ ልብሱ እንደ መጋረጃው ቢጫ የተነከረ ሳይሆን ነጭ ነበረ፤ በዕድሜ ብዛት ነው የወየበው።

ኢንዲጎ ከሥሩ ያለውን ቀለም አይሸፍንም፣ ከሱ ጋር ይደባለቃል። ከመንከራችሁ በፊት ከዳሩ ቆርጣችሁ ሞክሩ።