መቅኔዬን ለእህቴ

በቤተ ሙከራው «እፍዬ» ይሏታል። ሥራዋ አንዲትን ሕዋስ ነጥሎ ማንሳት ነው። የቀጭኑን የላስቲክ ቱቦ ጫፍ በከንፈሯ ትይዛለች፤ በወዲያኛው ጫፍ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት መርፌ አለ። ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክላ ሕዋሷን በስሱ ትስባለች፣ እፍ ብላም ከላስቲክ ሳህኑ ትንንሽ ጉድጓዶች በአንዱ ታስቀምጣታለች። ማሽን ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ፤ ማሽኑ በጣት ለሚቆጠሩ ሕዋሳት አይሆንም። ባልደረባዋ መላጣው ኬሚስት ልሞክር ሲል «አንተማ ወናፍ ነህ፣ ሂድ ወደ ብልቃጥህ!» ትለዋለች። አይቀየማትም።

የእሱ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ምልክት ይለጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ዘረ መሉን ዝም ያሰኘዋል። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ኦክስጅን ይጨመርበትና ሃይድሮክሲሜቲል ይሆናል፤ መልእክቱም ይለወጣል። በድሮው ዘዴ ሁለቱ እንደ አንድ ይነበቡ ነበር። ኬሚስቱ ይለያቸዋል። ሕዋሷ ግን በንባቡ ታልቃለች፤ ተበላሸ ብሎ መድገም የለም።

የእፍዬ ታላቅ እህት የሞተችው በደም ካንሰር ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ሠራ፣ በኋላ እምቢ አለ። ጥቂት ሕዋሳት ተቋቁመውት ቀርተው ነበር፤ እንዴት እንደተቋቋሙት ምናልባት እነዚያ ምልክቶች ይናገሩ ይሆናል። ልትሞት ስትል ሐኪሟን «መቅኔዬን ለእህቴ ስጡልኝ፣ ምን እንደነካኝ እሷ ትፈልግልኝ» አለችው።

ያ የመቅኔ ናሙና ዛሬ ከማቀዝቀዣ ወጣ። አንዴ ከቀለጠ ወዲያ ሕዋሳቱ ብዙ አይቆዩም። ኃላፊዋ ሌላ ሰው ይሥራው ቢላት «እህቴን የሌላ እጅ አይነካትም» ብላ ድርቅ አለች።

የመጀመሪያዋን አነሳች። ሁለተኛዋ ላይ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ቱቦው ውስጥ አረፋ ገባ፣ ሕዋሷ የገባችበት ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ ሌላዋም ጠፋች። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆነችም፤ ሰው ሲያለቅስ እሷ ወንበር ስታቀብል ነበር የዋለችው። አሁን ግን እህቷ አንዲት ክብ ነጥብ ሆና ታየቻት።

«እፍዬ፣» አላት ኬሚስቱ ከኋላዋ፣ «እየሞቱብን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ልሞክር?»

ከወንበሯ ተነሳች። በገዛ ሰውነቷ ተናዳለች፣ አፍራለችም። የቱቦውን አፍ አውልቃ አዲስ ሰካችለት። ተቀመጠ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ትንፋሹን ዋጠ። መርፌው ወደ ነጥቧ ሲጠጋ ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«ቀስ በል እሺ፣ ወንድሜ» አለችው። «መርፌ ትፈራለች።»