ጠበል የገባበት ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ፣ ኮፈን የሌለው አሮጌ መኪና መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ሞተሩ ራቁቱን ይታያል፤ ድምፁ በመስኮቱም በወንበሩም በኩል ገባብኝ። አረንጓዴው ሲበራ እሱ ተፈተለከ፤ እኔ ግን ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ እስኪያደርግብኝ ድረስ እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። ወደ ስድሳ እየተጠጋሁ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ድምፅ ስሰማ አሁንም ደሜ ተነስ ተነስ ይለኛል።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ሰዎች በር ላይ ትተውት የሚሄዱትን መኪና ወደ ላይ ወስዶ ማቆም፣ ሲፈልጉት ደግሞ ማውረድ ነው። ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ፤ ከሕንፃው ግን አልወጣም። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበርኩና ዙረቱ ሊያሳብደኝ ደረሰ። ጣሪያው ላይ ስወጣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውራ ጎዳና ይታየኛል። አንድ ቀን በራሴ መኪና፣ ካሊፎርኒያ ድረስ፣ ወደ ኋላ ሳልል እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ማልሁ።

መኪናው ደግሞ እንዲሁ መኪና እንዲሆን አልፈለግሁም። የወጣት ነገር፣ አሜሪካኖች ሆት ሮድ የሚሉትን ተመኘሁ። የጥንት መኪና ቀፎ ይገዛል፣ ትርፉ ሁሉ ይገፈፋል፣ ጉልበተኛ ሞተር ይገጠምለታል። ቀፎውን ዊተን ውስጥ ካንድ ግቢ ጥግ ሣር በቅሎበት አገኘሁት። ሞተሩን የሸጠልኝ እኛ ጋ መኪናውን የሚያቆም ዋልተር የሚባል ጡረተኛ ነው። በዕድሜ ከባለቤቱ ብዙም የማያንስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሲሆን፣ ጋራዡ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ ነበር።

"ቢያቅትህ መልሰህ እንዳታመጣብኝ፤" አለኝ ዋልተር፤ "ቦታውን ሚስቴ ለማቀዝቀዣ ፈልጋዋለች።"

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እትዬ የሺ ቤት ነበር። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከኤርፖርት ተቀብለው እንደ ልጅ ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞተሩን የማመጣበት ቀን እሑድ ሆነና፣ ከቅዳሴ የወጡ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሊያግዙኝ መጡ። "በግራ ያዝ፣ ቀስ፣ እግርህን" እየተባባሉ ካመጣሁበት ፒክአፕ አወረዱት። ሲጨርሱ ያ ሁሉ ነጭ ነጠላ የሞተር ዘይት ጠጥቷል።

"ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጋራዥ ይገባል?" አሉ እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው። "ፈረንጆቹ ኔበሮች ኮምፕሌይን ቢያደርጉ እኔ የለሁበትም።"

አንዱንም ግን ምሳ ሳያበሉ አልሸኙትም።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አላውቅም። ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ጋራዥ ነው። ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈታሁት፤ ፒስቶኖቹን አወጣሁ፤ ሲሊንደሩን አስሞረድኩ፤ የኛ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸውን የፒስቶን ቀለበቶች ለወጥኩ። እንጀራ ስቆርስ እጄ ጋዝ ጋዝ ይሸተኛል። አልጋዬ ላይ ተጋድሜም በሐሳቤ ብሎን አጠብቃለሁ።

"ይሄ ነገር ሲነሳ የት ልትሄድበት ነው?" አሉኝ አንድ ቀን እትዬ የሺ።

"ካሊፎርኒያ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንጃ።"

ባዶውን የቡና ስኒዬን አንስተው ወጡ።

ፍልሰታ ሲገባ ሞተሩ ተገጥሞ አልቆ ነበር። የዋሽንግተን ነሐሴ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ሰው ላይ ይጣበቃል። በእጅ እያዞርኩ ልፈትሸው ብዬ፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ነቅዬ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍኜ ተውኩት። ያን ሰሞን ሥራ ላይ ደብል ፈረቃ ገባሁና ጋራዡን ሳላይ ሰነበትኩ። ስመለስ ሞተሩ አልዞርም አለ። በትልቁ መፍቻ ተንጠለጠልኩበት፤ ወይ ፍንክች። በቀዳዳው ባትሪ አብርቼ ሳይ ውስጡ በዝገት ቀልቷል።

ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ የሺ ሱፍ እየጨመቁ ነበር።

"እትዬ፣ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ማን ነው የነካው?"

"ጠበል ነው እሱ፤" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ሞተር ውስጥ?"

"ታዲያ አዲስ መኪና ጠበል አይረጭም? ጨርቁን ሳነሳ ቀዳዳ ባገኝ ውስጡም ይግባ ብዬ ነው።"

በንዴት ጦፍኩ። ግን በእሳቸው ላይ አልጮህ፤ ጠበልን ደግሞ ምን ብዬ ልውቀስ? ጥርሴን ነክሼ ጋራዥ ተመለስኩና እንደ አዲስ መፍታት ጀመርኩ።

እትዬ የሺ ጥቂት ቆይተው መጡና ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ እጄን እጄን ያያሉ።

"እንዲነሳልህ ብዬ አልጸለይኩም፤" አሉ።

መፋቄን አቆምኩ። "ታዲያ?"

"እንዳይነሳ ነዋ። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።"

ስንት ወር ሙሉ ስለ መንገዴ ሳስብ፣ እሳቸው በሩን ዘግተው ስለሚቀሩበት ቤት አንድም ቀን አላሰብኩም። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አሳረፉና ፈገግ አሉ።

"አንተ ግን ይኸው እንደገና እየፈታኸው ነው። ጠበል ያልያዘህን እኔ አልይዝህም። ሂድ።"

ጨርቅ አነሱና በእጄ የነበረውን ፒስቶን ተቀብለው ይወለውሉ ጀመር።

ሞተሩ በመስከረም ተነሳ። እትዬ የሺ ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሞልተው ሰጡኝና፣ ግንባሬን ስመው፣ መኪናው ገና ከመንገዱ ሳይታጠፍ ቤት ገቡ። ኔቫዳ በረሃ ላይ ስደርስ ሞተሩ ጨሰና ለዘላለም ዝም አለ። ቀሪውን መንገድ በአውቶቡስ ጨረስኩ። ካሊፎርኒያንም አየኋት። ጥቂት ዓመታት ከከተማ ከተማ ዞርኩና አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በራቸው ላይ ቆምኩ።

"ጸሎቴ ደረሰ፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ፤" አሉኝ። እስኪያርፉ ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲሁ ያወሩ ነበር፤ እኔም አላስተባበልኳቸውም።

እኔ ዛሬም አላረፍኩም። ከቅዳሜ ጀምሮ ስልኬ ላይ የሚሸጥ አሮጌ ሞተር እያሰስኩ ነው፤ ሚስቴም አይታ እንዳላየች ሆናለች። ሞተሩ ስለሞተበት ነው የተመለሰው የሚሉኝ አሉ። ሞተርማ የትም ይገኛል። ያን ጊዜ እትዬ የሺ ይዘው ቢያስቀሩኝ ኖሮ አንድ ቀን ሾልኬ እወጣ ነበር፤ ያኔ የሚመልሰኝ አይገኝም ነበር። የተመለስኩት ሂድ ስላሉኝ ነው።