ፀጉር ቤቴን በማለዳ መክፈት የጀመርኩ ሰሞን

አሰላ ውስጥ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሥራ ሰዓቴ እንደ ጎረቤቶቼ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። በዚህ ከተማ ብርድ ማለዳ ተነስታ ፀጉሯን ልትታጠብ የምትመጣ ሴት ትኖራለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሳጉሬ የመጡ እናትና ልጅ ገቡ። ቤቱ ሞልቷል። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡ አሉ፣ ሹሩባ የምትሠራ አለች፣ የአንዷ ባል ደግሞ ሚስቱን እየጠበቀ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ልጅቷ ለጋ ወጣት ናት። ሂጃቧን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የመስታወቱን በር ታያለች። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ በዚያ በር ውስጡን ያያል። እናትየው ጠጋ አሉኝና በኦሮምኛ፣ "ልጄ፣ ሰው የማይገባበት ሰዓት የለሽም?" አሉኝ።

"ለምን ፈለጉት እናቴ?"

"ኒካዋ ደርሷል። ፀጉሯን ብቻሽን እንድታዪልኝ ነው።"

በማግስቱ ከመክፈቻ ሰዓቴ በፊት እንዲመጡ ነገርኳቸው። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አድረው ማልደው መጡ። በሩ ላይ አንሶላ ሰቀልኩና ከውስጥ ቆለፍኩ።

ልጅቷ ሂጃቧን ስታወልቅ፣ ከጆሮዋ ኋላ የስኒ አፍ የሚያህል ቦታ ፀጉር የሚባል የለበትም። ቁስል የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ልስልስ ያለ ነው። ከእሱ በላይ ሌላ ትንሽ ጀምሯታል።

"ፀጉር ቀጥለሽ ሸፍኚልኝ" አሉ እናትየው። "ሠርጉ ይለፍ ብቻ።"

እጄን ማሳረፍ ፈራሁ። የሚተላለፍ ከሆነ ማበጠሪያዬ ለሌላ ሰው ያደርሰዋል። የማይተላለፍም ቢሆን፣ ቅጥያው የቀረውን ፀጉር ቢነቅልባትስ? ይህንኑ እያስረዳኋቸው ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ሂጃቡን አንስተው በልጃቸው ራስ ላይ ጣል አደረጉት።

ያንኳኳችው ደንበኛዬ የሆነች አንዲት ነርስ ነበረች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መብራቴን አይታ ነው። በሩን ገርበብ ሳደርገው፣ "ዛሬስ ምን ተገኘ? እኔ ከአዳር ስወጣ ዝግ ነሽ፣ አንቺ ስትከፍቺ እኔ ተኝቻለሁ፤ ስንት ጊዜ ለመንኩሽ!" አለችኝ።

"ሲስተር፣ ሰው ይዣለሁ፤ ይቅርታ።"

ልጅቷ ከውስጥ፣ "ነርስ ናት እንዴ?" አለች። አዎ አልኳት።

"ትግባ።"

"አትገባም!" እናትየው ተነሱ። "ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አማቾችሽ ጋ ይደርሳል።"

"እማ፣ እጮኛዬ ያውቃል። ሲጀምረኝ በስልክ ነግሬዋለሁ። 'ሐኪም ይይሽ' ነው ያለኝ።"

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ታዲያ የምደብቀው ከማን ነው?" አሉ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

ነርሷ እጇን ታጠበችና በስልኳ መብራት አየችላት። ያሳክካታል ወይ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው አለ ወይ እያለች ስትጠይቅ እኔ በመሃል አስተረጉማለሁ።

"ላሽ ይመስለኛል" አለች በመጨረሻ። "እሱ ከሆነ አይተላለፍም፣ ብዙ ጊዜም ፀጉሩ ይመለሳል። ግን የቆዳ ሐኪም ሳያያት ምንም እንዳትቀቢ፣ ምንም እንዳትቀጥይባት። እኔ አብሬያቸው እሄዳለሁ።"

"አዳር ነበርሽ እኮ" አልኳት።

"እተኛለሁ፤ ምን ቸገረኝ።"

ሦስቱ ተያይዘው ወጡ። ሐኪሙም ላሽ ነው አለ፤ መድኃኒት አዘዘላት። ለኒካው ሳጉሬ ድረስ ሄጄ ፀጉሯን በሌላ በኩል ከፍዬ፣ ሳልጎትት አስተኛሁላት። ከወራት በኋላ ስትመጣ ባዶው ቦታ ላይ ነጫጭ ቀጫጭን ፀጉር በቅሏል። ሁለታችንም ሽበት መስሎን ደነገጥን፤ ኋላ ግን እየጠቆረ ሄደ።

ልጅቷ ለጓደኞቿ አውርታ ኖሮ፣ "የመጋረጃው ሰዓት መቼ ነው?" እያሉ የሚጠይቁኝ ሴቶች በዙ። ከዲክሲስ ሳይቀር የሚመጡ አሉ። ከአዳር የሚወጡ ነርሶችም ተጨመሩ። ስለዚህ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ለሴት ብቻ መክፈት ጀመርኩ። ቀላል አልነበረም። ረዳቴ ቤቷ ሩቅ ስለነበር አልችልም ብላ ለቀቀች። ባለቤቴም በእነዚያ ቀናት ልጆቹን ቁርስ ማብላት የእሱ ድርሻ ሲሆን ለጥቂት ጊዜ አኩርፎኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ የልጅቷ እናት ብቻቸውን መጡ። ልጃቸው ደህና መሆኗን ጠየቅኳቸው።

"ደህና ናት፤ አርግዛለች" አሉ። ከዚያ ወደ ወንበሩ እያዩ፣ "እኔንስ ታጥቢኛለሽ? በዕድሜዬ ሰው አጥቦኝ አያውቅም" አሉኝ።

ሂጃባቸውን ራሳቸው አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ ሳሻቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወረፋ የምትጠብቀው ሴትዮ በምልክት "ተያቸው" አለችኝ፤ እስኪነቁ ሁለታችንም ድምፃችንን ቀንሰን ስናወራ ቆየን።