ግመሌ ውሃ ጠጣች

ግመሌ ያሏት ውሃ ስለማትጠጣ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የሕንፃው ሳይት ትደርሳለች፤ ጓንቷን አጥልቃ የክሬኑን መሰላል ትወጣለች፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ ትወርዳለች። በመካከሉ ውሃ የለ፣ ሻይ የለ፣ መውረድ የለ። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት አንድ የታሸገ ውሃ ይሰጣታል፤ እሷም ማታ እንደታሸገ ትመልስለታለች። እሱ ደግሞ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያወራ አያልፍም። "የእኛ ኦፕሬተር ግመል ናት" ይላል፣ ራሱ ያረባት ይመስል።

እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይላት ነበር። ክሬን ላይ ከመውጣቷ በፊት ስንት ዓመት ሲሚንቶ ተሸክማለች። ክሬኑን ለመማር ያላየችው መከራ የለም። የተቀጠረች ዕለት ታዲያ ፎርማኑ፣ "ከአንቺ በፊት የነበረችው እየወረደች እየወጣች አስመረረችን፤ እሷ ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ አርማታው ይደርቃል" አላት። ወንዶቹ ኦፕሬተሮች ለሽንት ባዶ ጠርሙስ ይዘው እንደሚወጡ ማንም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። ለሴት ግን ጠርሙስ ምን ይረባታል? እሷም ከዚያው ማታ ጀምራ ውሃ መጠጣት ተወች፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከክሬኑ አናት ያለችውን ካቢኗን ትወዳታለች። ዙሪያዋ መስታወት ነው፤ እግሯ ሥር ሳይቀር መስታወት አለ። ከዚያ ላይ ሆና ማን ሥራ እንደለገመ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ በሄልሜቱ ብቻ ታውቃለች። ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል ሌላው ተረት ይመስለዋል፤ እሷ ግን በየቀኑ ስትሰማው ነው የምትውለው።

እንዲህ ስትኖር ጎኗን ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ የወንበሩ ነው አለች፤ ከዚያ የብርዱ ነው አለች፤ አንድ ቀን ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጣት ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ፣ "ኢንፌክሽኑ ኩላሊትሽ ደርሷል። በዚህ ከቀጠልሽ ኩላሊትሽን ታጫለሽ። ወይ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ ሥራውን ትተያለሽ" አለቻት።

"ሥራዬን አልተውም" አለች ግመሌ።

ሐኪሟ ትንሽ አሰበችና ለመንገደኛ ሴቶችና ለተራራ ወጪዎች የተሠራ አንድ ዕቃ እንዳለ ነገረቻት። ግመሌ ከፋርማሲ ገዛችው። ለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚገለበጥበትን ማጥለያ ይመስላል፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ከታች አፍንጫ አለው፤ ሲያጥፉት ኪስ ይገባል። በእሱ ሴት ቆማ መሽናት ትችላለች። ግመሌ ዕድሜዋን ሙሉ ያልሞከረችውን ነገር ከመሬት ያን ያህል ርቃ ልትሞክር ነው።

በማግስቱ ክዳን ያላት ትንሽ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ውሃ ጠጣች። ሰዓቱ ሲደርስ የዝናብ ልብሷን መስታወቱ ላይ ሰቅላ ከወንበሩ ጀርባ ቆመች። የቱታዋ ዚፕ ግን ከእምብርቷ ብዙም አይወርድም። እንደምንም አጣጥፋ፣ ጎትታ ዕቃውን አስገባች። አሁን ደግሞ ሰውነቷ እምቢ አለ። ሲጨንቃት የነበረው ሽንት የት እንደገባ ጠፋ። ጠበቀች፣ ሌላ ነገር አሰበች፣ ወደ ሰማይ አየች፤ ምንም የለም። ተስፋ ቆርጣ ዕቃውን ስታወጣ ሬዲዮው "ግመሌ፣ የፌሮው ብረት ታስሯል፣ አንሺ" ብሎ ጮኸ። ደነገጠች፤ ያ እምቢተኛ ሰውነቷም ያን ጊዜ እሺ አለ።

እስከ ማታ በእርጥብ ቱታ ፌሮ ስታነሣ ዋለች።

ቤቷ አማቷ አሉ። በወጣትነታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ዛሬም የሰው ልብስ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ስፌቱን ነው። ግመሌ ቱታዋን ስታሰጣ በረንዳው ላይ አገኟት።

"ቱታሽን እሑድ እሑድ ነበር የምታጥቢው፣ ልጄ።"

"ዘይት ፈሶበት ነው፣ እማዬ።"

"ዘይት አልሸተተኝም።"

ግመሌ ፊቷ ጋለ። ከአማት ጋር ስለ ሽንት አይወራም፤ እንዲያ ነው ያደገችው። ግን ደክሟት ነበርና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ኩላሊቷን፣ ዕቃውን፣ የሬዲዮውን ጩኸት።

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ" አሉ አማቷ። "ኩላሊት ግን ይነቅዛል። እስቲ ዕቃውን አምጪው።"

መነጽራቸውን አድርገው ላስቲኩን አገላበጡት፤ ቱታውንም አወረዱት። "ዕቃው ምንም እንከን አይወጣለትም። ጥፋቱ የዚፑ ነው። ይህን ቱታ የሰፋው ሰው ሲለካ የሴት መልክም አልታየው። እስከ ታች እከፍተዋለሁ። ከፊት የሚንጠለጠል ሰፊ ሽርጥም እሰፋልሻለሁ፤ ከሱ በኋላ መስታወት ሆነ አልሆነ ምን አገባሽ።"

"ሰውነቴ እምቢ ያለውስ?"

"እሱ ልምድ ነው። ሰው የሚለመደውን ነገር ሰማይ ላይ ወጥቶ ይጀምራል? መታጠቢያ ቤት ግቢ፣ ውሃውን ክፈቺው፣ እየሰማሽው ቁሚ።"

እሷ ከውስጥ፣ አማቷ ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ሆነው ልምምዱ ተጀመረ። ባሏ ሊታጠብ መጥቶ "ማን አለ?" ሲል እናቱ፣ "ሚስትህ ትምህርት ላይ ናት፣ ዞር በል" አሉት። ምን ትምህርት እንደሆነ ሳይጠይቅ ሄደ፤ እናቱን ያውቃቸዋል። ከቀናት በኋላ ግመሌ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማች። አማቷም በርጩማቸውን አንሥተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ካቢኗ ውስጥ ወገቧን መሞከር እንደ ጓንት ማጥለቅ ቀለላት። ውሃ ጠጣች፣ ጎኗም ተዋት። አንድ ነገር ብቻ አልተወችም፤ የምትጠጣውን ከቤቷ በቦርሳ እየያዘች፣ የፎርማኑን ጠርሙስ ማታ እንደታሸገ ትመልስ ነበር። ግመሌ የሚለውን ስም ማጣት አልፈለገችም። ማንን ጎዳሁ ትል ነበር።

ፀሐይ ሲያቃጥል የዋለ አንድ ቀን፣ ከታች ሲሚንቶ ከሚሸከሙት ሴቶች የአንዷ ሄልሜት ሲቀመጥ አየች። ከዚያ ተጋደመ። ሰው ግር ብሎ ከበባት፣ ወደ ጥላ ወሰዷት።

"ምን ሆነች?" አለች በሬዲዮ።

"ራሷን ስታ ነው፣ አሁን ነቅታለች" አለ ከታች ምልክት የሚሰጠው ሠራተኛ። "ከጠዋት ውሃ አልቀመሰችም። ሴቶቹ እኮ አይጠጡም። ሽንት ቤታቸው የሲሚንቶ መጋዘን ከሆነ ወዲህ መሄጃ የላቸውም። ለፎርማኑ ሲነግሩት ደግሞ፣ ግመሌ ችላ የለ እንዴ፣ ከሷ ተማሩ ይላቸዋል።"

ግመሌ ወደ ታች አየች። የውሃው በርሜል ዘንድ የሚቆመው ወንድ ብቻ እንደሆነ ስንት ጊዜ አይታ ነበር። የሰውን ኩርፊያ ከሰማይ የምታነብ ሴት ይህን አላነበበችም። አፈረች። ያ የታሸገ ጠርሙስ እግሯ ሥር ነበር፤ ማየት አቃታት።

ሬዲዮውን አነሣች። ይህን ከተናገረች ፎርማኑ እንደ ፊተኛዋ ኦፕሬተር ሊያሰናብታት እንደሚችል ታውቃለች።

"ሁላችሁም ስሙኝ" አለች። "እኔ ውሃ እጠጣለሁ። በፊት አልጠጣም ነበር፣ ኩላሊቴን አሞኝ ልሞት ነበር። አሁን እዚሁ ካቢኑ ውስጥ በዕቃ እሸናለሁ። ግመል የሚባል ነገር የለም።"

መዶሻው ሁሉ ያረፈ መሰላት።

"ግመሌ" አለ በመጨረሻ የፎርማኑ ድምፅ፣ "ይህን በሬዲዮ ማውራት ምን አስፈለገ? በይ አርማታው እየጠበቀ ነው፣ አንሺ።"

እሷ ግን ክሬኑን አዞረች። የክሬኑ ረጅም ክንድ አርማታውን አልፎ ሄደና መንጠቆውን ከሴቶቹ ሽንት ቤት በር ፊት ለፊት አወረደችው።

"መጀመሪያ ከዚህ ቤት የሚወጣውን ሲሚንቶ ነው የማነሣው" አለች። "በሩን ክፈቱልኝ።"

መንጠቆው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ሲሚንቶ ተሸካሚዎቹ ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው መንጠቆው ዘንድ ቆሙ። አርማታው በመኪናው ውስጥ ይዞራል፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ፎርማኑ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ሴቶቹ አየ፣ ኪሱን ዳበሰና ቁልፉን አወጣ።

ማታ ስትወርድ እንደ ልማዱ መሰላሉ ሥር ጠበቃት። እጁን ለጠርሙሱ ዘረጋ።

ባዶውን ሰጠችው።